የቀረሮው እስረኛ

በሰው ጉዳይ ጥልቅ ማለት የጀመርኩት በስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ እማዋይሽ «ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት!» እያለች ልትገራኝ ብዙ ደክማለች፤ እስከ ዛሬም አልተሳካላትም። ያም ሆኖ በ1993 ዓ.ም. በጋ ያጠፋሁትን ያህል በሌላ ጊዜ አጥፍቼ አላውቅም። እንደዚያ በጋ የኮራሁበት ጊዜም የለም።

ቤታችን ከሚዛን ከተማ አጠገብ ባለችው በአማን ነበር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ከእኛ ጓሮ አጥር በታች የእትዬ ቱርከያ ግቢ አለ። በሁለታችን መካከል፣ ከቁልቁለቱ ሥር የበቀለ አንድ ትልቅ ቀረሮ ቆሟል። ዛፉ ከታች ስለሚነሣ ሌላ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየውን ግንድ እኛ ከአጥራችን ላይ ሆነን ፊት ለፊት ነበር የምናየው። በግንዱ ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያስገባ ፍልፍል አለ። የእትዬ ቱርከያ የጓዳ መስኮትም ወደዚያው ነው የሚያየው።

እኛ እትዬ ቱርኬ የምንላት ቱርከያና ባሏ ዐብዱልጀባር ከአጋሮ የመጡ ናቸው። እሱ ከቴፒ ቡና የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ እሷ ልብስ ትሰፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ስትስቅ ከእኛ ጓዳ ይሰማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ የምሮጠው ወደ እሷ ነበር፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትሰጠኝና የስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጬ ስሰፋ እውላለሁ። የምሰፋውን ነገር «ምንድን ነው?» ብላ አትጠይቀኝም፤ «ሲያልቅ አሳዪኝ» ነው የምትለኝ። ከእሷ የበለጠ የምወደው ሰው አልነበረኝም፤ እናቴ ስታነበው ትቆጣ ይሆናል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በታኅሣሥ ዐብዱልጀባር ከቴፒ ወባ ይዞ መጣ። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

እኔን ለቅሶ ቤት አላስገቡኝም። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ግን አንድ ነገር ገረመኝ፤ እትዬ ቱርኬ መውጣት አቆመች። ቧንቧ አትሄድም፣ ገበያ አትሄድም፣ እኛም ቤት ብቅ አትልም። እናቴን ብጠይቃት «ሐዘን ላይ ናት፤ ሄደሽ እንዳትረብሻት» አለችኝ። አንድ ማታ እራት ላይ ግን ለአባቴ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«አራት ወር ከአሥር ቀን! ይህች ለጋ ልጅ አራት ወር ከአሥር ቀን ግድግዳ ስታይ ልትከርም?»

አባቴ አስተማሪ ነው፤ ነገር በአጭሩ መቁረጥ ይወዳል። «የሃይማኖቷ ሥርዓት ነው። ምን አገባሽ?»

«እኔ ሥርዓቱን መች አልኩ! እህል አይቀምሳትም ነው የምለው። የወሰድኩትን እንዳለ ትመልሰዋለች። እንዲህ ከሆነች ተከትላው መሄዷ ነው።»

«ሻሚል አለ አይደል? እሱ ይጠብቃታል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እኔ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። እትዬ ቱርኬ የአራት ወር ከአሥር ቀን ፍርደኛ ናት። ጠባቂዋ ደግሞ ሻሚል ነው።

ሻሚል የዐብዱልጀባር ታናሽ ወንድም ነው። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ እግሩ ጭቃ የሆነ ሰው ነበር፤ ግድግዳ በመምረግ ነው የሚተዳደረው። በየቀኑ፣ አንድ ጊዜ ጠዋት አንድ ጊዜ ከሥራ ሲመለስ፣ ይመጣል። ቤት ግን አይገባም። በመስኮቱ ምግብ ያቀብላትና ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ በኦሮምኛ ያናግራታል። ከገበያ የለቀምኳት ትንሽ ኦሮምኛ አለችኝ፤ «ኛዹ፣ ኛዹ» ሲላት እሰማለሁ፣ ብዪ ማለት ነው። በግድ ያበላታል ማለት ነዋ!

እኔ ደግሞ እስር ቤት ምን እንደሚመስል አሳምሬ አውቃለሁ። በዚያው ዓመት የእናቴ የአክስት ልጅ ሰው ደብድቦ ታስሮ ስለነበር ምሳ ዕቃ ይዘን ሁለት ጊዜ ሄደናል። ምግቡ በመስኮት ይገባል። ጠባቂው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይቆማል። ጠያቂ ሴቶች ይገባሉ፣ እያለቀሱ ይወጣሉ። በእትዬ ቱርኬ ቤት ከዚህ ምን ጎደለ? ምንም።

ሻሚል ፊቱን ያዞር የነበረው ባዕድ ወንድ ዒዳ የያዘችን፣ ለሞተ ባሏ ቤት የተቀመጠችን ሴት ትኩር ብሎ አያይም ብሎ ነው። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ምክንያቱም የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ የማውቀውን ደግሞ ልጠይቅ አልችልም።

በጥር መጀመሪያ ወፎቹ መጡ።

ሰፈራችን ወንዱን «ጥሩምባ» ነበር የሚለው። ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው፣ ሆዱ ነጭ፤ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ ይመስላል። ሲጮህ ሕፃን ይቀሰቅሳል፣ ሲበር ክንፉ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚጎተት ነገር ይሰማል። ሚስቱ ከእሱ ትንሽ ታንሳለች። ሁለቱ የቀረሮውን ፍልፍል ሲዞሩት ሰነበቱና አንድ ቀን ሚስቱ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥሩምባ ከወንዙ ዳር ጭቃ እየዋጠ ይመጣና ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተፋዋል። ቀዳዳው ጠበበ። በሳምንቱ የቀረው ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ብቻ ነው። ጥሩምባ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ የሾላ ፍሬ ከጉሮሮው እያወጣ አንድ በአንድ በስንጥቋ ያቀብላታል።

እኔ አጥሩ ላይ ሆኜ በዓይኔ አየሁት። ሚስቱን በጭቃ መረገባት፤ ዘጋባት፤ አሁን ደግሞ በመስኮት ያበላታል። ወደ ታች ባይ ሻሚል ጭቃ እግሩን አንፈራጦ፣ ሳህን ይዞ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ቆሟል። ደሜ ፈላ።

በጥር መጨረሻ ላይ እናቴ ከእትዬ ቱርኬ ቤት ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። አባቴ ደብተር እያረመ ነው።

«ዛሬ አናገረችኝ» አለችው። «እዚያ ቀረሮ ላይ ያለችውን ወፍ ስታያት ነው የምትውለው። ምን አለችኝ መሰለህ? ‘እማዋይሽ፣ እሷ ስትወጣ እኔም እወጣለሁ።’»

«ጥሩ ነው» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል።

«ባትወጣስ?»

«ማን? ቱርከያ?»

«ወፏ! ወፏ ባትወጣስ? ልጅቷ ነፍሷን እዚያ ዛፍ ላይ ሰቅላው የለ!»

እናቴ ያን ቀን ለምን ፊቷ እንደበራ አሁን ይገባኛል፤ እትዬ ቱርኬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስለ ነገ አንድ ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ለእኔ ግን ነገሩ የእስረኞች ስምምነት ሆኖ ነው የተሰማኝ። ወፏ ስትወጣ እትዬ ቱርኬም ትወጣለች። እንግዲያው ወፏን ማስወጣት ነው! ትልልቆቹ ሰዎች ይህን ቀላል ነገር እንዴት እንዳላሰቡት ገረመኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እናቴ ወደ ሚዛን ገበያ ወጣች፣ አባቴ ትምህርት ቤት ነው። አቮካዶ የምናወርድበት ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ነበረን፣ ጫፉ ላይ የብረት ቆልማማ የታሰረበት። ዘንጉን በአጥሩ ላይ አሳልፌ ቆልማማውን ስንጥቋ ውስጥ ከተትኩና ሳብኩ። ጭቃው ጠንካራ ነው፣ የሻሚል ግድግዳ ይመስል። እጄ እስኪላጥ ሳብኩት። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቁራሽ ተገምሶ ወደ ቁልቁለቱ ተንከባለለ።

«ውጪ!» አልኳት። «ውጪ፣ ሂጂ!»

አልወጣችም። ጨለማው ውስጥ አንድ ቀይ ዓይን አየሁ። ቀጥሎ ያየሁት አስደነገጠኝ፤ ወፏ ላባዋ ረግፏል፣ ክንፏ ተመልጦ ገላዋ እዚህም እዚያም ይታያል። ወደ ኋላ ሸሸች፣ ዘንጌን በምንቃሯ መታችው፣ እንደ ድመት ተነፈሰችብኝ። ይሄ ሁሉ ለእሷ ብዬ በደከምኩት! ተናደድኩባት። ወዲያው ጥሩምባ ከወንዙ በኩል እየጮኸ መጣ፣ እኔም ዘንጉን አጥሩ ሥር ጥዬ ጓዳ ገብቼ አልጋ ሥር ተደበቅኩ።

እትዬ ቱርኬ ያን ሰዓት በፊት ለፊት ክፍል እየሰገደች ኖሮ የሰበረውን ሰው አላየችም። ተመልሳ በመስኮት ስታይ ግን የጮኸችው ጩኸት አልጋው ሥር ድረስ መጣ። «ያ ረቢ! ያ ረቢ! ሰበሩባት!» ከዚያ ለቅሶ። የማውቀው ለቅሶ አልነበረም። ለዐብዱልጀባር እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አልሰማኋትም።

አመሻሽ ላይ ሻሚል መጣ። በመስኮቱ ብዙ ተነጋገሩ፣ አንዱም አልገባኝም። ወደ እኛ ግቢ ዞሮ መጥቶ እናቴን አስፈቅዶ አጥሩ ጋ ቆመ፤ ቀዳዳውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ተመልሶ ወረደ።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ሻሚል ከቀረሮው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በጀሪካን ከወንዝ ውሃ እያመላለሰ ጭቃ ያቦካል። በጋ ስለሆነ የወንዙ ዳር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሱሪውን ጠቅልሎ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ጥሩምባ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየወረደ መጣ፤ አንገቱን አዘነበለ፤ ጭቃውን ዋጠ። በቀጥታ ወደ ቀዳዳው በረረ።

በቃ፣ ተረጋገጠ! ሁለቱ ዘጊዎች ግንባር ፈጥረዋል። እኔ ነጻ ያወጣኋትን አንዱ ጭቃ ያቦካላታል፣ አንዱ ይመርግባታል። ሻሚል ወደ ሥራው እስኪሄድ ጠበቅኩና ጠጠር ለቀምኩ። ጥሩምባ ወደ ጭቃው ሊወርድ ባለ ቁጥር እወረውራለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ አላስጠጋሁትም። ክንዴ አበጠ። ጀግንነት የሚያም ነገር መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት፤ ሞኝነትም እንደዚያው እንደሚያም ገና አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ጦጣዎቹ መጡ።

ቀኑ ዓርብ ነው። ሻሚል ለጁምዓ መስጊድ ሄዷል፣ እናቴ ቧንቧ፣ ጥሩምባ ሾላ ፍለጋ ወንዙን ተሻግሯል፤ ጠጠሬን ይዤ አጥሩ ላይ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አራት ጦጣዎች በቀረሮው ቅርንጫፍ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይወርዳሉ። ፊተኛው ትልቅ ነው። ወደ ፍልፍሉ ነው የሚያዩት። በዚያች ቅጽበት ከታች ትሪ በጭልፋ ሲደበደብ ሰማሁ።

«ፋና!» እትዬ ቱርኬ በመስኮት ወገቧ ድረስ ወጥታለች። «ፋናዬ! ጦጣ! ድረሺላት!»

ከእሷ ጋር ከተነጋገርን ወር ከግማሽ አልፎናል። ስሜን ስትጠራኝ ወፏን ረሳሁ፤ የታየኝ እሷን የማስፈቻው ጊዜ እንደደረሰ ነው። ሻሚል የለ! አጥሩን ዘልዬ፣ በቁልቁለቱ ተንሸራትቼ፣ እየጮኽኩ ወደ በሯ ሮጥኩ። «እከፍትልሻለሁ! እከፍትልሻለሁ!» ድንጋይ አንሥቻለሁ፣ ቁልፉን ልሰብር።

ቁልፍ የለም። በሩን ከታች እስከ ላይ አየሁት። ጓጉንቸር የለበትም፣ ሰንሰለት የለበትም፣ ከውጭ የሚዘጋ ምንም ነገር የለበትም። ገፋሁት፣ አልተከፈተም። ከዚያ ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማሁ፤ በሩ ተከፈተ። እትዬ ቱርኬ ከስታ፣ ቀላል ቀሚስ ለብሳ፣ ትሪውን እንደያዘች ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ቆማለች።

«ውጪ!» አልኳት።

«አልወጣም።»

«ሻሚል የለም እኮ! ማን ይከለክልሻል?»

«ማንም አልከለከለኝም» አለች። ተንበረከከችና ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ ነኝ የተቀመጥኩት። ለባሌ ነው፤ ቀኔ ሲሞላ ራሴ እወጣለሁ። ወፏም ራሷ ነች የዘጋችው፣ ስሚኝ፣ ከውስጥ ነው የምትመርገው። ባሏ ጭቃ ያቀብላታል እንጂ አልዘጋባትም። ጫጩት አላት! ላባዋን ለጎጆው ነቅላ መብረር እንኳ አትችልም። አንቺ ነሽ ያለሽኝ፣ ሂጂ!»

ድንጋዩ ከእጄ ወደቀ። መቀርቀሪያውን አየሁት፤ እውነት ነው፣ ከውስጥ ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ቁልቁለቱን በእጄም በእግሬም ወጣሁት፣ ቀሚሴ አጥሩ ላይ ተቀደደ፣ ዘንጉን አነሣሁ። ትልቁ ጦጣ ፍልፍሉ አፍ ላይ ተቀምጦ አንድ እጁን እስከ ክርኑ ውስጥ ከትቷል።

ወዲያው እሪ አለ። ወፏ ይዛዋለች! እጁን ሊያወጣ ይታገላል፣ እሷ አትለቅም። እኔም ዘንጉን አንሥቼ ባለኝ ኃይል ሁሉ ወገቡ ላይ አሳረፍኩበት። እሷ ለቀቀችው፣ እሱ ተገለባበጠ፣ ከቁልቁለቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። ሌሎቹ ጥርሳቸውን አሳዩኝ። እኔም ጥርሴን አሳየኋቸው፤ የፊቶቹ ሁለቱ ወልቀው ስለነበር ብዙም አላስፈራሁ ይሆናል። ዘንጉን ግን አወዛወዝኩት፣ እትዬ ቱርኬም ከታች ትሪዋን እየደበደበች «በያቸው! ፋናዬ፣ በያቸው!» ትላለች። እኔ ከላይ፣ እሷ ከመስኮት፣ ወፏ ከፍልፍሏ፤ ሦስት ሆነን አራት ጦጣ አባረርን።

ከዚያም በኋላ አልወረድኩም። ሻሚል ከመስጊድ ሲመለስ ዘንጌን ይዤ አጥሩ ላይ ቆሜ አገኘኝ። እትዬ ቱርኬ በመስኮት ሁሉን ነግራዋለች። ወደ ላይ መጣና አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ከቅርብ አየሁት፤ ዐብዱልጀባርን ይመስላል።

«ጋሽ ሻሚል» አልኩት፣ «እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

«አውቃለሁ። ዘንጉ ላይ ጭቃው ደርቆ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን ልናገር? ቱርከያ ከዚህ ሰፈር ከአንቺ የበለጠ የምትወደው ልጅ የላትም። ያንንም ልውሰድባት?» ቀዳዳውን ቀና ብሎ አየ። «ጠጠሩንስ ያየሁት አይመስልሽም? የሰበረ ያቦካል። ነገ ጠዋት እግርሽን ታጥበሽ ነዪ።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ሄድኩ። ጭቃ ማቡካት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቅም። ሻሚል ውሃ ያፈሳል፣ እኔ እረግጣለሁ። «ተረከዝሽን ተጠቀሚ» ይለኛል። «ጭቃው እንዲህ እንዳይቀጥን፤ ወፏ ባለሙያ ናት፣ የተበላሸ ጭቃ አትቀበልም።» ከዚያ ራቅ ብለን እንቀመጣለን። ጥሩምባ ለሁለት ቀን የወረወርኩበትን አልረሳም፤ ሻሚል ብቻውን ሲሆን ይወርዳል፣ እኔ ካለሁ አይወርድም። ስለዚህ አቡክቼ እሄዳለሁ። ከአጥሩ ላይ ሆኜ ጭቃዬ ወደ ላይ ሲወጣ አያለሁ። ከውስጥ የወፏ ምንቃር እየተቀበለ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየመታ ያስተካክለዋል። በዘጠነኛው ቀን የቀረው ያቺው ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ነበረች።

እትዬ ቱርኬ በዚያው ሳምንት መብላት ጀመረች። እናቴ ሳህኗን ባዶ ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ እንደምትዘፍን ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ከመስኮቱ ሥር እየሄድኩ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ዛሬ ሾላ አመጣ፣ ዛሬ ትል አመጣ፣ ዛሬ ጫጩቷ ጮኸች። እትዬ ቱርኬ ልብስ እየሰፋች ታዳምጣለች። አንዳንዴ ትስቃለች። ሻሚል በሚመጣበት ሰዓት ከመጣሁ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ ከጎኑ እቆም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ቁምነገር ያለው ሰው እንደዚያ የሚቆም መስሎኝ ነው።

ዝናቡ በመጋቢት ገባ። ሚያዝያ ሲጋመስ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ከግንዱ ውስጥ መዶሻ መሰል ድምፅ ተሰማ። ወፏ ግድግዳዋን ከውስጥ እየሰበረች ነው! እናቴን ጠራሁ፣ እናቴ አባቴን፤ ሻሚል ከታች ሥራውን ጥሎ ቆመ። እትዬ ቱርኬ መስኮቷ ላይ ነች። ጭቃው ቁራሽ በቁራሽ ረገፈ። መጀመሪያ ምንቃሯ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ወጣች፤ አዲስ ላባ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ግንዱ ላይ ተንጠልጥላ ክንፏን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች። ከኋላዋ ትንሹ ብቅ አለ፣ ዓለምን አየ፣ ተመልሶ ገባ። እናቱ ግን ለቀቀችው ግንዱን። ትንሽ ወደቀች፤ ልባችን አብሯት ወደቀ፤ ከዚያ ክንፏ አየሩን ያዘው። በጣራችን ላይ አልፋ፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ እየተሰማ፣ ወንዙን ተሻገረች።

«እልልልልልል!» አለች እናቴ።

«እማዋይሽ!» አባቴ ክንዷን ያዘ። «የሐዘን ቤት እኮ ነው!»

እናቴ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ከታች፣ ከመስኮቱ፣ እልልታ ተሰማ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ የተቆራረጠ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደተከፈተ ቧንቧ። ከዚያ ጠራ። እትዬ ቱርኬ እያለቀሰች እልል ትላለች። እናቴም እጇን ከአፏ አነሣችና ተቀበለቻት። ሻሚል ኮፍያውን አውልቆ ጀርባውን ለሁላችንም ሰጠን።

እኔ ቁልቁለቱን ተንሸራትቼ ወረድኩ። «ወጣች! እሷ ስትወጣ እወጣለሁ ብለሽ የለ፣ በይ ነዪ!»

«ስድስት ቀን ይቀረኛል» አለችኝ ዓይኗን በሻሿ እየጠረገች። «ቀደመችኝ፣ ፋናዬ። ግድ የለም፣ እደርስባታለሁ።»

ስድስቱ ቀን ከአራቱ ወር የረዘመው ለእኔ ነው። በሰባተኛው ቀን ማለዳ ደጇ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መቀርቀሪያው ተሳበ። እትዬ ቱርኬ ታጥባ፣ በመስኮቱ ብርሃን ራሷ የሰፋችውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ደፉን ተሻገረች። ፀሐዩ አስቸግሯት ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ሰጠችኝ። ሻሚል አይሱዙ ላሳፍራችሁ ቢል እምቢ አለች፤ እስከ ሚዛን ገበያ በእግሯ ልትሄድ ነው፣ የምትሄደው ክር ልትገዛ ነው።

መንገዱ ገና ጭቃ ነበር። አማንን ሳንወጣ ሰው ሁሉ ያቆማት ጀመር። «ቱርኬ! አለሽ?» ይሏታል። «አለሁ» ትላለች ቀስ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ። ትንሽ እንደሄድን ሌላው፣ «ቱርከያ፣ ልጄ፣ አለሽ?» «አለሁ።» ዳገቱ ላይ ሁለት ተማሪዎች፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ባለ ወፍጮው፣ ድልድዩ ጋ እኔ የማላውቃቸው ሴቶች። በየአንዳንዱ ሰው ድምፅዋ ትንሽ ትንሽ ይወጣል፣ አንገቷም እንደዚያው። ሚዛን ስንደርስ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው፣ እኔ ከጎኗ እሮጣለሁ።

ገበያው መግቢያ ላይ እማማ በየነች ጎደሬ ይሸጣሉ። ጆሯቸው ብዙም አይሰማም። ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው አዩን።

«ቱርከያ ነሽ? አለሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አለሁ፣ እማማ።»

«እ?»

«አለሁ!»

«አልሰማሁም፤ አለሽ ወይ?»

እትዬ ቱርኬ እጄን ለቀቀች። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ፣ «አለሁ!» አለች። ቡና ነጋዴው ከሚዛኑ ቀና አለ፣ ጨርቅ ሻጮቹ ዞሩ፣ ገበያው በሙሉ አየን። እሷ ግን ያ ከጓዳችን ይሰማ የነበረውን ሳቋን እየሳቀች እንደገና ጮኸች፦ «አለሁ፣ እማማ በየነች! አለሁ!»

እማማ በየነች ከጎደሬያቸው መካከል ተነሡ። «ሰማሁ፣ ሰማሁ» አሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «እሰይ፣ ልጄ! እሰይ!»